ታኅሣሥ ሠላሳ አንድ

እሑድ፣ ጥር 1 ቀን 2008

ተማሪዬን ሌሊሴን ወስደዋታል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እናቷ አዴ ጫልቱ ደጄ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ምን ያህል እንደጠበቁኝ አልነገሩኝም። «ባርሲስቱ፣ ማሎ፣ የት እንደነበረች አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ፤ «መምህርት፣ እባክሽ» ማለታቸው ነው። አርብ ዕለት፣ በገና ማግስት፣ ከቤቷ ነው ፖሊሶች የወሰዷት። ታኅሣሥ 14 በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ዓለም ገና ላይ መንገድ ሲዘጋ ድንጋይ ስትወረውር ታይታለች ይላሉ።

ውሸት! የዚያን ቀን በእረፍት ሰዓት እኔ አጠገብ ነበረች፣ ትምህርት ቤት፣ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ። ሐሙስ ሐሙስ «ታሪክ በዚህ ሳምንት» የሚለውን ፕሮግራም በድምፅ ማጉያ የምታነበው እሷ ናት። ጽሑፉን የማዘጋጀው እኔ፣ የታሪክ አስተማሪዋ ነኝ። ሊቢያ ነጻ ስለወጣችበት ቀን እያነበበች ሳለ ከጅማ መንገድ በኩል ተኩስ ሰማን። በሩን ቆልፌ እስከ ስምንት ሰዓት አብረን ተቀመጥን።

«አይዞዎት አዴ ጫልቱ፣ ደብተር አለን። ማን መቼ እንዳነበበ ተጽፎ ይፈረምበታል» አልኳቸው። ደረቴን ነፍቼ! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀን የተሳሳተ ተማሪ ላይ ነጥብ ስቀንስ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሰኞ፣ ጥር 2

ክፍሉ ግማሹ ባዶ ነው። የመጡትም ውጭ ውጭውን ያያሉ። ቡራዩም ሱሉልታም ያው ነው አሉ።

ደብተሩን አወጣሁ። ገጹ አለ። የሌሊሴ ፊርማ አለ። የእኔም አለ። ቀኑ፦ ታኅሣሥ 24።

ሃያ አራት! ተቃውሞው ካለፈ ከአስር ቀን በኋላ። መጀመሪያ ግራ ገባኝ፣ ከዚያ ነገሩ ተገለጠልኝ። ዝርዝሩን የማገኘው ከኢንተርኔት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሊቢያ ነጻ የወጣችው በእነሱ ዲሴምበር 24 ነው፣ በእኛ ታኅሣሥ 14። የወሩን ስም ወደ አማርኛ አዙሬ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጬዋለሁ። የወሩን ርዕሶች ከነቀናቸው በአንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ስለምጽፍ ልብ አላልኩም። ልጆቹም ቲቸር የጻፈችው ነው ብለው ይፈርማሉ።

ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ፈቃዱ ዘንድ ሄጄ ደብዳቤ ጠየቅሁ። «ደብተሩ ከሚለው ውጭ አንድ ቃል አልጽፍም፤ እኔም የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ» አሉ። አልፈረድኩባቸውም። እሺ፣ ትንሽ ፈርጄባቸዋለሁ።

መምህራኑ ሲወጡ ብቻዬን ቀረሁና 2ቷን 1 አደረግኋት። አንዲት ጭረት ናት። ጽፌ ስጨርስ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 3

ፖሊስ ጣቢያ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ተሰለፍኩ። ፊቴም ኋላዬም ምሳ የቋጠሩ እናቶች ናቸው።

መርማሪው ወጣት ነው፣ ከተማሪዎቼ ብዙም አይበልጥም። ደብተሩን ወደ መስኮቱ አስጠጋው። «መምህርት፣ ይሄ ቁጥር ተነካክቷል። ቀለሙም ሌላ ነው።» ደብተሩን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። «ሰነድ መነካካት ምን እንደሚያመጣ አያውቁም? እንዳላየሁ ልለፈው፣ ይሂዱ» ብሎ ደብተሩን መለሰልኝ። ለምን እዚያው እንዳላስቀረኝ እስካሁን አልገባኝም።

አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ፊቴን አይተው ምንም አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ፣ ቢሰድቡኝ በወደድኩ ነበር። ልጃቸው ንጹሕ ነበረች፤ አሁን የተጭበረበረ ማስረጃ የመጣላት ልጅ ሆነች። ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሞተር ባለፈ ቁጥር ሊወስዱኝ የመጡ መስሎኝ ብድግ እላለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 4

ቁርስ አልበላሁም። ደብተሩን ገልጬ ራሴን እየረገምኩ ሳለ ዓይኔ የሚቀጥለው ገጽ ላይ አረፈ።

ታኅሣሥ 31። ፊርማ፦ ሌሊሴ። ፊርማ፦ እኔ።

ታኅሣሥ 31 የሚባል ቀን የለም! ወራችን ሠላሳ ላይ እንደሚያልቅ የአንደኛ ክፍል ልጅ ያውቃል። የታሪክ መምህርቷ ግን በሌለ ቀን ፕሮግራም አስተላልፋ ፈርማበታለች። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ሳልጨርስ አለቀስኩ። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ጣቢያው ውስጥ ሁሉም ሬዲዮ ከቦ ቆሟል። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል እየተባለ ነው። አዴ ጫልቱ ደጅ ላይ ሰምተዋል። «ወረቀቱ ቀረ። ልጄስ?» አሉኝ።

ለመርማሪው ሁሉንም ነገርኩት። ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ መቼ፣ ለምን። ከዚያ ያልተነካውን ገጽ ገለጥኩለት። «ይህን ቀን እዚያ ካላንደር ላይ ይፈልጉልኝ» አልኩት። ተነሥቶ ታኅሣሥን ገለጠ። በጣቱ እየተከተለ ሠላሳ ላይ ደረሰና ቆመ። ከትልልቆቹ ቁጥሮች ሥር ያሉትን ትንንሾቹን የፈረንጅ ቁጥሮች አየ። ወደ ኋላ ተመልሶ 14 ላይ ጣቱን አሳረፈ። ሥሯ 24 አለች። ደብተሬ የተከተለው ትንንሾቹን እንደሆነ ገባው።

«ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት ታሪክ የሚያስተምሩት?» አለና ሳቀ።

«ከእንግዲህ እንጃ» አልኩ።

ቃሌን ጽፎ አስፈረመኝ፣ የቀየርኩትንም ቁጥር ጭምር። ለአለቃው እንደሚያቀርበው ነገረኝ። ምን እንደሚመጣብኝ አላውቅም። ግን ዛሬ ራት በላሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 5

ተፈታች! አስር ሰዓት ላይ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር። በደብተሬ ይሁን በዜናው አላወቅሁም፣ የሚነግረኝም የለም። ቡራዩ ውስጥ የተወሰደው የአጎቷ ልጅ ግን የት እንዳለ እንኳ አልታወቀም።

አዴ ጫልቱ ጉንጬን ስመው «ገለቶሚ» አሉኝ። ምስጋናው አቃጠለኝ። ለሌሊሴ በደብተሩ ላይ ያደረግሁትን አንድ በአንድ ነገርኳት። 

አርብ፣ ጥር 6

የትናንቱን ፕሮግራም ዛሬ አስተላለፍን። ኦቦ ፈቃዱ «ኳስ ብቻ!» ብለው አስጠነቀቁኝ። እሺ፣ ኳስ። ጥር 6 ቀን 1954 ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ቱኒዚያን አራት ለሁለት ያሸነፈችበት ቀን። ካላንደር ዘርግቼ ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ። በዚህ ሳምንት ሌላ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም፤ ግቢው ሙሉ የሚያወራው ስለታሰሩትና ስለቀረው ፕላን ነው።

ሌሊሴ መጣች። ከስታለች። ማይኩን ስዘረጋላት ራሷን ነቀነቀች። «ዛሬ ድምፄ አይወጣም፣ ቲቸር።» ሌላ ልጅ አነበበች፤ እሷ ጥግ ይዛ ሰማች።

ሁሉም ወጥቶ እሷ ቀረች። ደብተሩን ገልጬ አዲሱ ገጽ ላይ ልጽፍ ስል እጇን ዘረጋች።

«ቀኑን እኔ ልጻፍ» አለችኝ።

ብዕሩን ሰጠኋት።