ከጫጩት እስከ ግመል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6። ጠዋት።

የባሌን ቀኝ እጅ እጅጌ ውስጥ ማስገባት ዛሬም ግማሽ ጠዋት ፈጀ። ከዚያ ሻይ። ከዚያ ያቺ ታብሌት። ታዴ አሁንም ጫጩት ላይ ነው።

ደብተሬ፣ አንቺ አላየሽውምና ልንገርሽ። ጨዋታው መኪና ማውጣት ነው። አንዲት ቢጫ መኪና በታጠረ ሜዳ ውስጥ በሌሎች መኪኖች ታፍናለች። አንዱን ወደፊት፣ አንዱን ወደኋላ እየገፋህ መንገድ ትከፍትላታለህ። ስትወጣ የሕፃን ድምፅ “መብሩክ!” ብሎ እንኳን ደስ አለህ ይልሃል። ለቤተሰብ ሁሉ የሚሆን ነው አሉ። ጫጩት ለሕፃናት፣ ፍየል ለመካከለኛ፣ ግመል ለጎበዝ።

ባሌ እኮ ሾፌር ነው። እዚህ ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ በቀትር ግርግር፣ በመስታወት ብቻ እያየ አምጃድ ታክሲውን ወደኋላ የሚያወጣ ሾፌር። ሌሎቹ ተጨንቀው ሲቆሙ “ያ ታዴ፣ የኔንም አውጣልኝ” እያሉ ቁልፋቸውን ይወረውሩለት ነበር። ነሐሴ ላይ ራሱ ውስጥ ደም ፈሰሰና ይኸው፣ የሦስት ዓመት ልጅ የምታወጣትን መኪና ማውጣት አቃተው። ቢጫዋን ትቶ አጥሩን ይገፋል። ምን በደልንህ አምላኬ!

ሶባ ሆስፒታል የምታየው ዶክቶራ በየቀኑ ይጫወት ብላለች። የደረሰበትን አይታ ነው ስለመንዳት የምትነግረን። እሱ ከመንዳት ሌላ አያስብም። አምጃዷ በራፋችን ላይ አቧራ ለብሳ ቆማለች። በመስኮት ያያታል። ምግብ እንኳ እሷን እያየ ነው የሚበላው።

ኀሙስ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት።

ካህራባ የለም፣ መብራት ጠፍቷል። ማራገቢያው ቆሟል። ቤቱ ምጣድ ሆኗል።

ልጃችን ሄለን ከካርቱም ሁለት ሰፈር፣ ከሞባይል ሱቋ መጣች። ጨዋታውን የጫነችለት እሷ ናት። አጠገቡ ቁጭ ብላ ልታሳየው ሞከረች። ልጄ አማርኛዋ እዚሁ ያደገ ነው፤ “ባባ፣ ሹዋያ ሹዋያ፣ ቀስ በቀስ ነው፣ አትናደጂ” አለችው። በደህናው ቀን አባቷን “አንቺ” ስትለው ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ዛሬ የሳቀ የለም። ታብሌቷን አልጋው ላይ ወረወራት። ምላሱ እየተሳሰረ የሕፃን ዕቃ አመጣችሁልኝ አለ።

ሄለን ኩሽና ገብታ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ሽንኩርት ነበር የያዝኩት፣ እሱ ይበቃል።

ሰኞ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል። ማታ።

ደብተሬ፣ እልል በይ!

ማኅበርተኞቹ ዳቦና ጠበል ይዘው ሊጠይቁት መጡ። እቴ ሙሉ መሪ፣ ሌሎቹ ተከታይ። ክፍሉ ሞላ። እኔ ሻይ ሳፈላ፣ ስኳር ስፈልግ፣ አንዴም ቁጭ አላልኩም። ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። “መብሩክ! መብሩክ!” ይላል የሕፃኑ ድምፅ፣ ሳያቋርጥ። ስገባ ታዴ ታብሌቷን ጭኑ ላይ አድርጓል፤ የፍየሏ ሥዕል ወጥቷል። ጫጩትን ጨርሷል! ትሪውን ይዤ እልል አልኩ። እቴ ሙሉ ሚካኤል ክንፉን ዘረጋለት አለች።

ታዴ አልሳቀም። ደክሞት ይሆናል።

ዓርብ፣ ኅዳር 16። ኪዳነ ምሕረት።

ጠያቂ በጠያቂ ላይ። ፍየልን አለፈ። ግመል ገባ። በአንድ ሳምንት!

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሸሚዙን ዛሬም ገልብጦ ለበሰ። ሽንት ቤት ሊሄድ ተነሥቶ ኩሽና ገባና ግራ ገብቶት ቆመ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ግመል ይገባል?

ዝም በይ፣ ሟርተኛ! አልኩ ለራሴ። ደግ ሲመጣ እንኳ ማመን አቃተኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 19። ገብርኤል።

ሶባ ደርሰን መጣን። የተሳፈርንበት ሃፍላ አውቶቡስ ሰው በሰው ላይ ነበር፤ አንድ ጎረምሳ ወንበር ለቀቀለት።

ዶክቶራዋ ግመሏን ስታይ ተነሥታ ጨበጠችው። በግራው። ማሻአላህ አለች። ለመንዳት ገና ነው፣ ግን ባዶ ሜዳ ላይ፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ቀስ እያለ ይሞክር አለች። እኔ አመሰገንኩ፣ መረቅኋት፣ እጇን ልስም ምንም አልቀረኝ። ታዴ ወለሉን ያያል። ደስታ ነው አልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 21። ጽዮን።

ታዴ የአምጃዷን ቁልፍ ከመሳቢያ ወስዷል። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ገና መግባቴ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ሰማሁ። እሰይ አልኩ፣ እውነቴን ነው፣ እሰይ ነበር ያልኩት። ቀጥሎ ፍርክስ።

ወደኋላ ሊያወጣ ብሎ ጎረቤታችን ለመንገደኛ ያስቀመጡትን የውኃ እንስራዎች ከነመደባቸው ጠረማመሳቸው። ስንት ዓመት ሙሉ በነሱ አጠገብ አልፏል። አንድ ሸምገል ያሉ የሰፈሩ ዘበኛ ውኃቸውን ጠጥተው ኩባያውን ገና ማስቀመጣቸው ነበር። እግራቸው ረጠበ፣ ሌላ አልሆኑም። “መዓለሽ፣ መዓለሽ” ይላሉ፣ ምንም አይደል እያሉ እሱን ያጽናናሉ። እሳቸው እኮ ናቸው ሊሞቱ የነበረው!

ታዴ መሪውን አልለቅም አለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታኋቸው።

ኀሙስ፣ ኅዳር 22።

ታብሌቷን ሰጠሁት። በሩን ዘጋሁ። ጫጩትን ከመጀመሪያው አውጥቼ ተጫወት አልኩት። ቢጫዋን ትቶ አጥሩን ገፋ። ልክ እንደ ድሮው።

ከዚያ ተናገረ። ቃል በቃል እየለቀመ። “እኔ አንድም... አላወጣሁም።”

እቴ ሙሉን ጠራኋት። አልካደችም፤ ምን ታደርግ፣ መካድ ያለበት ነገር አልመሰላትም። የታመመ ሰው ተጨንቆ ሲያዩ ዝም ይባላል? እስቲ ላግዝህ አለች፣ አወጣችለት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛ ደገመች። ሌላዋም ተቀበለች፣ እሷም ሁለት። ከዚያ ወዲያ የመጣ ጠያቂ ሁሉ እንደዚሁ። እሱም ታብሌቷን በግራ እጁ እየዘረጋ ይጎርስ ነበር። አምጃዷን ፈልጎ።

ባጎረሱት ግመል ደረሰ፤ ባጎረሱት ሰው ሊገድል ነበር። ማንን ልርገም? ሁሉም ወዶት ነው። ክፉ ሰው ባገኝና ብጮህበት እንዴት በቀለለኝ።

እሱ ግድግዳውን ዞሮ ተኛ። አይድንም፣ ደብተሬ። ዛሬ ገባኝ። ማንም አልነገረኝም፣ ግን ገባኝ። ታዴ የማውቀው ታዴ አይሆንም።

ዓርብ፣ ኅዳር 23። ጊዮርጊስ። ጠዋት።

ቁልፉን ለዑስማን ሰጠሁ። የመናኸሪያ ጓደኛው ነው፣ እሱ ይንዳት። ታዴ እያየ ሰጠሁት። ዑስማን አንገቱን ደፍቶ አምጃዷን ሲያወጣ ታዴ በመስኮት አጅቦ ሸኛት፤ ወደኋላ ስትሄድ ግራ እጁ መሪ እንደያዘ ሰው ዞረ። ይህንንስ ባላየሁ።

ሰኞ ሶባ ሄጄ ለዶክቶራዋ እውነቱን እናገራለሁ። ሄለን ሁሉንም አጥፍታ ከመጀመሪያዋ ጫጩት ጀመረችለት። ለጠያቂው ሁሉ ታብሌቷን የነካ ከኔ ጋር ተጣላ ብያለሁ። እቴ ሙሉ አኩርፋለች። ታኩርፍ።

አሁን አጠገቡ ነኝ። ሦስት መኪኖች ብቻ ናቸው፤ ቢጫዋ፣ አረንጓዴዋ፣ ቀይዋ። ቀይዋን አንዴ ወደ ጎን ቢላት አለቀ። እጄ ይበላኛል። ብዕር የያዝኩትም ለዚህ ነው፤ እጄ ሥራ ካልያዘ ሄዶ ያወጣለታል።

አረንጓዴዋን ገፋ። መለሳት። እንደገና ገፋ። አይ ታዴ። ከፊቷ ያለችው ናት፣ ቀይዋ። አልናገርም። አጥሩን ይገፋል። ታብሌቷን ወደኔ አስጠጋ። መለስኩለት። እንደገና አስጠጋ። አንድ ብቻ ይላል ዓይኑ። መለስኩለት። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ግን መለስኩለት። ይኸው ጣቱን አነሣ። አረንጓዴዋን ዘለላት። ጣቱ ቀይዋ ላይ አረፈ።