ያንተ ፏፏቴ፣ የነሱ ጠርሙስ

ይድረስ ለአበራዬ፤

ከተለያየን ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ በሕይወት ሳለህም ለዚህ ጥያቄ አንድም ቀን በወጉ መልሰህልኝ አታውቅም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው። ይህን የምጽፍልህ ፕሮይንገስሃይም ሠፈር ካለው ቤታችን፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፣ አንተ ትቀመጥበት ከነበረው የመስኮት ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም ሳትለቅ የኖርክበትን ምክንያት አሁን አወቅሁት። ማሞቂያው ከሥሩ ነው ለካ። እኔን በር አጠገብ እያስቀመጥክ ስታበርደኝ ኖረሃል።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ሊፍቱ ተጠግኖ እንደገና ተበላሽቷል። ልጃችን ሶስና እሑድ እሑድ ከቦከንሃይም ትመጣለች፤ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በጀርመንኛ ትመልስልኛለች። ልብስህን ለሚፈልግ ሰጥቻለሁ። ያንን ጭቃ የበላው የተራራ ጫማህን ግን የሚቀበለኝ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር አልሞከርኩም። በረንዳ ላይ ነው።

የጻፍኩልህ ግን ለዚህ አይደለም። ጉድ ልነግርህ ነው። ቅዱስ ሆነሃል።

አዎ፣ አንተ። በሁዳዴ ቋሊማ ስትበላ የኖርከው፣ ቄሱ ሲደውሉ የለም በያቸው እያልክ እኔን ታስዋሸኝ የነበርከው ሰውዬ። ተማሪ ሳለህ ያነበብከው መጽሐፍ ሃይማኖት ሁሉ አስትቶህ፣ እኔ ስሳለም አንተ በር ላይ ጋዜጣ ስታነብ ነበር። አሁን ሰዎች በስምህ ይማጸናሉ። የቅዳሜ መንገድህ መሳለሚያ ሆኗል፣ ፏፏቴህ ደግሞ ጠበል።

ፏፏቴ ያልኩት ላንተ ስል ነው። ቁመቱ ከኔ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ በነሐሴ ደግሞ በደንብ ያልተዘጋ ቧንቧ ያህል ይንጠባጠባል። ለዚህ ብለህ በየቅዳሜው በጠዋት ቀስቅሰህ፣ በኡ-ባንና በኤስ-ባን ባቡር ወስደህ፣ ከታውኑስ ተራራ ሥር ካለው ጣቢያ ጀምረህ ሁለት ሰዓት በእግር ስታንከራትተኝ ኖረሃል። እናቴ በልጅነቷ ሁለት ሰዓት በእግር ሄዳ ውሃ ትቀዳ ነበር፤ የኔ ባል ግን ሁለት ሰዓት በእግር ሄዶ ውሃ አይቶ ሳይቀዳ ይመለሳል እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራብህ ነበር። አንተ ትስቃለህ። የተቀቀለ እንቁላል ልጠህ ትሰጠኛለህ። አስኳሉን አልወድም፤ እሱን አንተ ትበላዋለህ።

ዛፎቹን እንኳ እቀበልልሃለሁ። ጀርመኖቹ ማሙትባውም የሚሏቸው ሰባቱ ቀያይ ዛፎች፣ ድሮ አንድ ባለርስት ዘራቸውን ከአሜሪካ አስመጥቶ ያስተከላቸው፣ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋቸው። እንደኛ ከሩቅ መጥተው እዚህ የበቀሉ ናቸው ትለኝ ነበር፤ ይህን ስትል በጣም ደባሪ ነበርክ። ቅርፊታቸው ግን ደስ ይለኝ ነበር። እንደ ፍራሽ ይለሰልሳል፣ በቡጢ ቢመቱት እጅ አያምም። ኒደርራድ ያለው መሥሪያ ቤትህ ያስመረረህ ሳምንት ከፏፏቴው አጠገብ ያለውን ዛፍ በቡጢ ትለው ነበር። ለዚያ አለቃህ ሦስት፣ ለዚያች ጸሐፊ ሁለት። ከዚያ ተራው የኔ ይሆናል።

ቱቦውን ያገኘንበት ቀን ትዝ ይልሃል? ውሃው ከየት እንደሚመነጭ ካላየሁ አልመለስም ብለህ ገደሉን ቧጠጥክ፤ እኔም እየተሳደብኩ ተከተልኩህ። ላይ ስንደርስ ምንጭ የለም። ከአውራ ጎዳናው ሥር የወጣ የሲሚንቶ ቱቦ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የፈረስ በረት። አራት ፈረሶች ቆመው ያዩናል፣ ከሥራቸው ቦይ ወደ ቱቦው ይወርዳል። ቱቦው ላይ ተቀምጠህ እንባህ እስኪወርድ ሳቅህ። እኔም ከወለድኩ በኋላ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ለማንም አንናገር ተባባልን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጫማህን ስታስር ሳይህ፣ አውቀህም ትሄዳለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁህ። ከየትም ይምጣ ድምፁ ያው ነው አልከኝ።

አሁን ወደ ጉዱ ልመለስ። በአርባህ የዕድሩ ሰዎች መጡ፤ ጋሽ ደምሴም መጣ። መቼም አልረሳኸውም፤ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሠርጉንም ለቅሶውንም ሽምግልናውንም የሚመራው፣ አንተ ሊቀ መንበር እያልክ የምትጠራው። አበራ ይወደው የነበረውን መንገድ እንሂድለት አለና ይዞን ወጣ። ፏፏቴው ጋ ሲደርስ ሱሪውን ሰብስቦ በዚያ ብርድ ጉልበቱን በውሃው አሸው። በሳምንቱ ደረጃ ያለ ድጋፍ ወጣ። በዚያው ሳምንት ሐኪሙ ጉልበቱ ላይ መርፌ እንደወጋው ረስቶታል። ሐኪሞች ለአበራ ስድስት ወር ሰጥተውት ሦስት ዓመት የኖረው በዚህ ውሃ ነው ብሎም አወጀ። የኦፕራሲዮኑን፣ የክኒኑን፣ የኔን ሌት ተቀን የመባነን ምስጋና ፈረሶቹ ወሰዱት።

ከዚያ ወዲህ ብታያቸው። በየቅዳሜው ጀሪካን ተሸክመው ኤስ-ባኑን ይሞሉታል። የደን ጠባቂው ውሃው እንደማይጠጣ የሚገልጽ ሰሌዳ ተከለላቸው፤ ጃኬታቸውን ይሰቅሉበታል። በነሐሴ ጠብታ ለመቅዳት ተሰልፈው በተራ ሲጣሉ በዓይኔ አይቻለሁ። አንተ በቡጢ ትለው የነበረው ዛፍ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ያመጡትን ሥዕል ለጥፈው ግንባራቸውን ያስነካሉ። ቦታው ላይ ቆሜ አያቸውና፣ አንተ ብትኖር ምን ትል እንደነበር እያሰብኩ ለብቻዬ እስቃለሁ። ንቄያቸዋለሁ፣ አበራዬ። ዓመቱን ያለፍኩት እነሱን በመናቅ ነው ብል አልዋሽም፤ ከለቅሶ ይሻላል።

ትዕግሥት እስክትመጣ ድረስ።

አታውቃትም። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከመጣች ሦስት ዓመቷ። ኒደርራድ፣ ያንተው የሥራ ሠፈር፣ ቢሮ ታጸዳለች። ልቧ ላይ ሰው ሠራሽ ቫልቭ አላት፤ ስለዚህ ደም የሚያቀጥነውን ክኒን ዕድሜዋን ሙሉ በየቀኑ መዋጥ አለባት። ከሙት ዓመትህ በፊት ባለው ሳምንት ባቡር ላይ አጠገቤ ተቀምጣ፣ የሐኪም ቀጠሮዋን፣ ቴርሚኗን፣ እንደሰረዘች፣ ክኒኑንም ካቆመች ስምንት ቀን እንደሆናት በደስታ ነገረችኝ። ጠበል ከመድኃኒት ጋር አይቀላቀልም ብላ። ማን አለሽ ብላት ማንም አላላትም፤ ጋሽ ደምሴ ብቻ እምነት በሙሉ ልብ ነው ሲል ሰምታለች።

ሠላሳ ዓመት በሽተኛ ያስታመምኩ ነርስ ነኝ። ክኒኑ ሲቆም ደሙ ቫልቩ ላይ እንደሚረጋ፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል እንደሚሄድ አንድ በአንድ አስረዳኋት። የጋሽ አበራ ባለቤት ሆኜ እንዲህ ማለቴ እንዳሳዘናት ነገረችኝ፤ ፈገግ እያለች። ቄሱ ጋ ደወልኩ። አንተ የለም በያቸው የምትለኝ ሰውዬ በዚያው ሰዓት ደውለውላት መድኃኒትሽን ዋጪ ብለው አዘዟት። እሺ አባ አለቻቸው፣ አልዋጠችም።

በሙት ዓመትህ ዕለት አሥራ አምስት ሰው ሆነን ወጣን። ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ጠርሙስ ከመክፈታችሁ በፊት ተከተሉኝ አልኩና በዚህ ጉልበቴ ገደሉን ያዝኩት። ምስጢራችንን ልሸጥብህ ነው ብዬ በልቤ ነገርኩህ። ላይ አድርሼ ቱቦውን አሳየኋቸው፤ ቦዩን፣ በረቱን፣ ፈረሶቹን። አንደኛው ፈረስ የሚጠበቅበትን እዚያው ፊታችን አደረገ። አሁን ፊታቸው ሲጠቁር አያለሁ ብዬ ጠበቅሁ።

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ቱቦውን አየ፣ ፈረሱን አየ።

«እግዚአብሔር በቱቦም ይሠራል» አለ።

አሜን አሉ፤ ተደጋግፈው ወደ ጠርሙሳቸው ወረዱ። እኔ ቱቦው ላይ፣ አንተ የሳቅህበት ላይ፣ ብቻዬን ቀረሁ። ቁልቁል ሳይ ትዕግሥት ጎንበስ ብላ ጠርሙሷን ደቅናለች።

እዚህ ላይ አንተም የማታውቀው፣ ወይም አታውቅም ብዬ ራሴን ያሳመንኩበት ነገር አለ። በዚያ በመጨረሻው ኅዳር ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶኝ ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ካለኝ በማግስቱ፣ ፋርማሲ ልሂድ ብዬህ ወጣሁ። ሶስና አንተ ጋ ነበረች። ፋርማሲ አልሄድኩም። ብቻዬን ባቡር ይዤ፣ ሁለቱን ሰዓት በእግሬ ሄጄ፣ ከዚያ ፏፏቴ በሊትር ጠርሙስ ቀዳሁ። ቱቦውን እያወቅሁ፣ ፈረሶቹን እያወቅሁ። ቤት አምጥቼ ሁለት ጊዜ አፈላሁት፤ ነርስ ነኛ። ጠበል አፍልቶ የሚያጠጣ አማኝ የት ታይቷል? የፈረስ ሽንት ለበሽተኛ የሚሰጥ ነርስስ? ሁለቱንም በአንድ ቀን ሆንኩ። በሻይህ አድርጌ አራት ቀን አጠጣሁህ።

ስመለስ ደግሞ ባቡር ላይ ጋሽ ደምሴ አግኝቶኛል። ያቀፍሽው ጠርሙስ ምንድን ነው አለኝ። ጠበል ነው አልኩት።

ይኸው ነው። ሊቀ መንበሩ ከራሱ የፈጠረው ነገር የለም። ዓመት ሙሉ የሳቅሁበት ሰልፍ መጀመሪያው እኔ ነበርኩ፤ ሲስፋፋ እያየሁም ያ ቃል ከኔ አፍ እንደወጣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እሱን ሞኝ ማለት ይቀለኝ ነበር። ሰዉን ሁሉ ከናቅሁ ለራሴ የሚተርፈው ያነሰ መስሎኝ ነበር።

በቂጤ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ከትዕግሥት እጅ ጠርሙሱን ያዝኩና ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ተናገርኩ።

«አበራ ከዚህ ውሃ ጠጥቷል። ያጠጣሁት እኔ ነኝ፤ ጠበል ያልኩትም እኔ ነኝ። በዘጠነኛው ቀን ሞተ።»

አሜን ያለ የለም። ጋሽ ደምሴ ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣኝ በወደድኩ። ጀሪካኑን ዘቅዝቆ ውሃውን ቀስ ብሎ ደፋውና ወደ ዛፎቹ ዞሮ ዓይኑን ጠረገ። ትዕግሥት ግን ጠርሙሱን አልለቀቀችልኝም።

«ሲጠጡት ምን አሉ?» አለችኝ።

ማንም እንደዚያ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ተጎንጭተህ ኩባያውን አየኸው። ከዚያ እኔን አየኸኝ። ጫማዬ ላይ የታውኑስ ጭቃ ነበር፤ ማውለቁን ረስቼዋለሁ። ዛሬ ሻዩ ፈረስ ፈረስ ይላል አልክ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼህ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። ከኋላዬ ኩባያው ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ሻዩ ፈረስ ፈረስ ይላል አለ፤ ከዚያ ድገሚኝ አለ» አልኳት።

«ለእርስዎ ብለው ነዋ» አለች። ጠርሙሱን ለቀቀችልኝ። ከጣቢያው በቀጥታ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ እጄን እንደያዘች አራት ሰዓት ጠበቅን። ደሟ አልረጋም ነበር። ክኒኗን ጀምራለች፤ በየጠዋቱ ስትውጥ ትደውልልኛለች፤ ካልደወለች እደውልና እሰድባታለሁ።

ሌሎቹ ጥቂቶቹ አሁንም ይሄዳሉ። ይሂዱ። ሥዕሉን ግን ከዛፉ ላይ እኔ ራሴ አንስቼ ለቄሱ ሰጥቻቸዋለሁ። የተለጠፈበትን ቦታ በቡጢ አልኩት፤ ሦስት ለራሴ፣ አንድ ላንተ፤ እያወቅህ ዝም ስላልከኝ።

እነሱ እንደሚሉህ አድርጌ አላስታውስህም፣ አበራዬ። ቅዱስ ሆነህ አንድ ሳምንት አብሬህ አልኖርም ነበር። የማስታውሰው፣ እስክሞትም የማልለቀው፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እያወቀ ድገሚኝ ያለኝን ሰው ነው።

ነገ ቅዳሜ ነው። ጫማህን ትዕግሥት ለክታው፣ ካልሲ ስትደርብበት ልኳ ሆነ። እንቁላል ቀቅያለሁ። ሁለት ሰዓት በእግር ሄደን፣ ውሃውን አይተን፣ ሳንቀዳ እንመለሳለን።

አስቴርህ