ክሩን ያሰረችለት

እሑድ፣ ጥቅምት 8። 8 ሰዓት።
የሰባተኛ ቢ ፈተና ግማሹ ታርሟል። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ስልክ። ጳ. ነው። ባሌ ጳውሎስ፣ የዞኑ ግብርና ባለሙያ። ዲምቱ አካባቢ ገበሬው ካሳቫ እንዲተክል ያስተምራል፤ አሁን ራሱ ሊማር ታይላንድ ሄዷል። መስመሩ ይቆራረጣል። የሰማሁት ይኼን ብቻ፦ ትናንት በጀልባ ወንዝ ዳር ያለ ጥንታዊ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አስጎብኝተዋቸዋል። እንደኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወለቃል። ከዚያ፦ «እጄን ይዛ አስገባችኝ። አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ክር አሰረችልኝ።» ተቋረጠ።

ማን ናት? መልሼ ሞከርኩ። አይገባም።

11 ሰዓት።
ተረጋጊ እያልኩ ነው። ጳ. አፉን የፈታው በወላይትኛ ነው። አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት አይለይም። ኃላፊያቸውን፣ ያንን ጢማም ሰውዬ፣ «ተቆጣችኝ» ይላል። አባቴን «ደህና ናት ወይ?» ብሎ ይጠይቅልኛል። ስድስት ዓመት በትዳር፣ ስድስት ዓመት ሳርመው። የአማርኛ መምህርት ነኝ፣ አያስችለኝም። እንግዲህ ያስገባችው ወንድ ሊሆን ይችላል።

ሴትም ልትሆን ትችላለች። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሴቷንም ያው «አሰረችልኝ» ነው የሚላት።

የሥራ ባልደረባው ትዝታ ደግሞ አብራው አለች። ከቢሮው የተላኩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ያላገባች፣ ስትስቅ የሰው ትከሻ የምትመታ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 9።
ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሷል። ት/ቤት ገባሁ። የዕለቱ ትምህርት፣ የባለቤትና የግስ ስምምነት። ሰሌዳው ላይ «ክር አሰረች» ብዬ ጽፌ አገኘሁት። አጠፋሁት። ልጆቹ ዳስተሩን እንጂ እኔን አላዩም።

አንቺ ደብተር፣ ላንቺ ልንገርሽ፦ ቀንቻለሁ። የኔን እጅ ይዞ መንገድ ከተሻገረ ስንት ጊዜው!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11።
የአንድ ለአምስት ስብሰባ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ውጤት ተኮር ምንትስ። አንድ ቃል አልሰማሁም። ጎረቤቴ ወ/ሮ አስቴር ቤተ መቅደሱን ነግሬያት ደንግጣለች። ጣዖት ቤት ገብቶማ ዝም አይባልም፣ ንስሐ አባቱ ጋ ይሂድ ትላለች። ለጣዖቱ ንስሐ አባት አለው። ለሴቲቱ እኔ አለሁለት።

እሑድ፣ ጥቅምት 15።
መጣ። ከስቷል። ሻርፕ አምጥቶልኛል፣ ያምራል፣ አልለበስኩትም። እጁ ላይ ነጭ ክር። እጁን ሲታጠብ እንኳ እንዳይርስ ይጠነቀቅለታል። እንደ ዋዛ አድርጌ፣ ማን አሰረልህ አልኩት። መነኩሴ፣ ለበረከት፣ አለ። ትዝታ መቼ ነው የመነኮሰችው? ወንድ ወይስ ሴት ልል ነበር፤ ቀናች እንዳይለኝ ዋጥኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17።
ኦቶና መንገድ ላይ ትዝታን አገኘኋት። ሻይ ልጋብዝሽ ብዬ ይዣት ገባሁ። እጇን አየሁ፤ ክር የለም። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ፊት ለፊት ጠየቅኳት። ሳቀች። ትከሻዬን መታችኝ።

«አሰረችልኝ» የተባለችው ሽማግሌ ወንድ መነኩሴ ናቸው። ጥርሳቸው ያለቀ። ሴት አይነኩም፤ ትዝታ ጠጋ ስትል ፈቀቅ ብለውባታል። እኔም መሳቅ ጀመርኩ። እሷ ግን አቆመች። ሌላው ሠልጣኝ ሁሉ ጀልባ ላይ ተሳፍሮ ሲጠብቅ ጳ. ወንዙ ዳር ደረጃው ላይ ከሽማግሌው ጋር ቀረ፤ ልትጠራው ተመለሰች። ያወራል። በወላይትኛ። ሽማግሌው በራሳቸው ቋንቋ ይመልሱለታል። እንደማይግባቡ የታወቀ ነው። «ስለ አቤል ነው የሚነግራቸው» አለችኝ ትዝታ። «ያለቅስ ነበር እኮ፣ እትዬ። ወላይትኛ ስለምችል እኔም ሰማሁ፣ ይቅር በይኝ።»

አቤል ልጃችን ነው። አምስት ወር ኖሮ ሞተ። ሦስት ዓመት ሆነው። ጳ. ከቀብሩ ወዲህ ስሙን እኔ ፊት አንስቶ አያውቅም።

10 ሰዓት።
ሊቀለኝ ይገባ ነበር። ብሶብኛል። ሴት ብትሆን ጸጉሯን ይዤ እጎትታት ነበር። ከአንድ ጥርስ አልባ ሽማግሌ ጋር ምን አድርጌ ልጣላ? የልጁ እናት እዚህ ቁጭ ብዬ፣ እሱ አገር አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ለማያውቀው ሰው ያለቅሳል። ያ እንባ የኔ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 18።
ጠየቅኩት። ለምን ለእሳቸው? ለምን ለእኔ አይሆንም? እጁ ላይ ያለውን ክር በጣቱ አዞረው። ከዚያ፣ እሷ አታርመኝም አለ። ሽማግሌውን ማለቱ ነው። አንቺ ባወራሁ ቁጥር ቃሌን ትይዣለሽ፣ የልጄንም ሞት እየታረምኩ ልናገር ወይ አለ። እንግዲያው በወላይትኛ ንገረኝ አልኩት። ያንቺ ወላይትኛ ሽንኩርት መግዣ ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ እውነት በመሆኑ ይበልጥ ተናደድኩ። በሩን አላትሜ ወጣሁ። እራት በየፊናችን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 19። ጠዋት።
ደወል ሳይደወል ልጻፈው። መምህራን ማረፊያ ነኝ።

ቁርስ ላይ ነበርን። አልጠየቅኩትም። ትናንት በዚያው አኩርፌያለሁ። ዳቦ እየቆረሰ፣ እኔን ሳያይ፣ «አቤል» አለ። ከዚያ፦ «ገላዋን ስናጥባት ትስቅ ነበረች።»

ወንድ ልጅ ነው። ይስቅ ነበር። ገላውን። ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ጳ. ቀና ብሎ አየኝ። ዳቦውን እንደያዘ ይጠብቃል፤ ምን እንደምለው ያውቃል።

«ሌላስ ምን ታደርግ ነበር?» አልኩት።