በሐምዲ ላይ የጻፍኩት

የአላህ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ እናቴ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የማርሴይ ብርድ አልጠናብሽም? እህቴ ሙኒራስ ደኅና ናት? ልጆቿስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። የወንድሜ የወጅዲም ቁርጭምጭሚት ድኖለት ወደ ሜዳ ተመልሷል።

እማዬ፣ ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔው ይድረስሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ሞክሬ ድምፅሽን ስሰማ አቃተኝ።

የወጅዲን የፌስቡክ ገጽ የምይዘው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ዘንድሮ አብሮት በአንድ ክለብ ከሚጫወተው ከአጎቴ ልጅ ከሐምዲ ሦስት ጎል አብልጦ አግብቷል። ተከታዩ ግን አሥራ አንድ ሺህ ነው፤ የሐምዲ ዘጠና ሺህ። ክለቡ አዲሱን ማልያ ሲያስተዋውቅም የተለጠፈው የሐምዲ ፎቶ ነበር። ወጅዲ አንድም ቀን አላጉረመረመም። እኔ ግን ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የማየው የሁለቱን ቁጥር ሆነ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ጥር ላይ ሐምዲ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ያን ዕለት በሐሰት ስም ሃያ ገጽ ከፍቼ እሰድበው ጀመር። እግሩ ለዓሣ ገበያ እንጂ ለኳስ አልተፈጠረም ብዬ ጻፍኩ። ሰዉ ተቀባበለው። ይባስ ብዬ፣ ልጅ ሳለ ለቅጥነቱ «የኔ ሰርዲን» እያልሽ የምትጠሪበትን ስም አወጣሁት። በሳምንቱ ስታዲየሙ በሙሉ ሰርዲን እያለ ጮኸበት። ሐምዲ ከእረፍት በኋላ ወደ ሜዳ አልተመለሰም። የወጅዲ ተከታይ አርባ ሺህ ገባ፤ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ።

ባለፈው ማክሰኞ የሐምዲ አባት፣ አጎቴ ጣሂር፣ ገበያ አስጠሩኝ። የዓሣ ቅርፊት እየፋቁ ነበር። ዓይኔ ደክሟል፣ ስለ ልጄ የተጻፈውን አንብብልኝ ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። የገዛ እጄን ሥራ፣ የከፋ የከፋውን እየዘለልኩ፣ ቆሜ አነበብኩላቸው።

«አትዝለል ልጄ» አሉኝ። «እናቱ ሁሉንም አንብባልኛለች። ካንተ አፍ ልሰማው ብዬ ነው።»

ቢላዋውን አስቀመጡና፣ «ሰርዲን የሚለውን ከእናንተ ቤት በቀር የሚያውቀው የለም። ወጅዲ ነው ወይስ አንተ? እሱን ብቻ ንገረኝ» አሉ።

እኔ ነኝ አልኳቸው። አልጮኹብኝም። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠራረጉ፣ «እንግዲያ ወጅዲን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። በልቤ ጠርጥሬው ነበር» አሉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታውኑ ለወጅዲ ነገርኩት። ገጹን ተቀበለኝና፣ ስድቡ የወጣው ከእኔ ቤት ነው ብሎ ለሁሉም ጻፈ። አሁን የሚሰደበው እሱ ነው፤ ተከታዩም በየቀኑ ይቀንሳል። ለእኔ ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተነፈሰም።

እኔም ሐምዲ ደጃፍ ሄድኩ። ይቅርታዬን እስክጨርስ በሩን ይዞ ሰማኝ።

«እማማ ዙበይዳ ታውቃለች?» ብሎ ስለ አንቺ ጠየቀኝ።

አታውቅም አልኩት።

«አትንገራት። ታዝናለች» ብሎ ገባ።

በእሱ ደግነት ስር ተደብቄ መኖር አልቻልኩምና ነገርኩሽ። የፈረድሽብኝን እቀበላለሁ።

ሙኒራን ከነባለቤቷ ሰላም በይልኝ። ልጆቿን፣ ትንሿን ራኒያንና ሳሚን፣ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ወጅዲ እጅሽን ይስማል፤ እኔ እንኳ ዘንድሮ እጅሽን እስማለሁ ለማለት አፈርኩ።

ልጅሽ አንዋር
ስፋክስ፣ ቱኒዚያ
መጋቢት 2 ቀን