ቁምጣ የለበሰው አምበል

ጉለሌ፣ የካቲት 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ጎባ ላለችው ልጄ፤

የባሌ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ያ የላክሁልሽ ጋቢ ደረሰሽ ወይስ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ሞቀው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን። ጎረቤቱም ሁሉ ደህና ነው። ድመትሽ ሸማ ስሠራ እግሬን የማስገባበት ጉድጓድ ውስጥ ወልዳብኝ ሥራ አስፈትታኛለች።

ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። ጸሐፊ አልለመንኩም። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ለጌጥ አይደለም። ፊደሉ ቢንጋደድብሽ አስተማሪ አይደለሽ፣ አቃንተሽ አንብቢው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አባዬ፣ ለታን እንዳገባው እሺ ይበሉኝ፣ እርስዎ ካልፈቀዱ እሱንም አላገባ፣ ሌላም አላገባ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። በማስፈራሪያ የሚበገር አባት እንደሌለሽ ታውቂያለሽ። ሽማግሌ ሲልክብኝ የመለስኩት በምክንያት ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶት በአደባባይ ቁምጣ ለብሶ ኳስ የሚያነጥር ሰው ቤት ያቆማል ብዬ እንዴት ልመን? አስታውሺ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች እሺ ካላልክ አንቀመጥም ሲሉኝ፣ እንግዲያው ቁሙ፣ ወንበሩም ተሰብሯል ብዬ ነው የሸኘኋቸው። ስለዚህ ነገር አሁን አልጽፍም። የምጽፍልሽ ስለ ኳሱ ነው።

ነገሩን የጀመረው ባለ ሱቁ ሸፊ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እሱ ስለነበረ አኩርፎኝ ከረመ። ሳሙና ልገዛ ስሄድ እንኳ ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈህ ግዛ ይለኝ ነበር። ኋላ አንድ ቅዳሜ መጣና፣ አንተ ግትር፣ በሬ እንኳ ሸጎሌ ገበያ ጥርሱ ታይቶ ነው የሚመለሰው፣ አንተ ሰውየውን ሳታየው መለስከው፣ ና አይተህ መልሰው አለኝ። እኔም እሺ፣ አይቼ እመልሰዋለሁ ብዬ ከዘራዬን አነሳሁ።

ሜዳው ከዊንጌት ትምህርት ቤት ዝቅ ብሎ ያለው ሲሚንቶ ነው። ለታ የክር ፋብሪካቸው የቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል መሆኑን አንቺው ነግረሽኛል። አምበል ሲሉኝ እኔ ከሁሉ ቀድሞ የሚሮጥ፣ ከሁሉ በላይ የሚዘል መስሎኝ ነበር። ሌሎቹ እንደ ፌንጣ ሲዘሉ እሱ አይዘልም። ሲሮጡም ብዙ አይሮጥም። ይሄ ሰውዬ ደክሞታል እንዴ ብዬ ብጠይቀው ሸፊ ዝም ብለህ እይ አለኝ። ልብ ብዬ ሳይ፣ ኳሱ ዞሮ ዞሮ እሱ የቆመበት ይመጣል። ለካ ቀድሞ ሄዶ ይጠብቀዋል! ሲይዘውም አያቆየውም፣ ለዚህ ይሰጣል፣ ከዚያ ይቀበላል፣ ደግሞ ለወዲያኛው ይሰጣል። እኔ ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። ማጉን በድሩ መሀል የሚያመላልሰው መወርወሪያ ነው። መወርወሪያ ራሱ አይለበስም፣ ግን እሱ ካልተመላለሰ ድሩ ድር ሆኖ ይቀራል።

በጨዋታው መሀል ለታ ወጥቶ ዳር ተቀመጠ። እኔ አባረሩት ብዬ ደስ አለኝ። ይኸው፣ ለኳስም አልሆነ ብዬ በከዘራዬ መሬቱን መታሁ። ሸፊ በሳቅ ሊሞት። ለካ ራሱ ነው አሰልጣኙን እኔን አውጣኝና ዓምሃን አስገባው ያለው። ዓምሃ ከቁስቋም በኩል የሚመጣ አዲስ ተጫዋች ነው፣ ቁመቱ ባሕር ዛፍ፣ ሰው ሲበዛበት ግን ኳሱ ከእጁ የሚያመልጠው። ለታ ዳር ሆኖ በርታ፣ ቀኝህን እይ እያለ በቀስታ ይነግረዋል። አይጮህም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሸማ ስሠራ መቀመጫዬን ለማንም ለቅቄ አላውቅም፣ ስለዚህ ገረመኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ሸፊ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት የፍጻሜው ጨዋታ ነበር፣ ከአቃቂ ከመጣ የቆዳ ፋብሪካ ቡድን ጋር። የቀበሌው ሊቀመንበር መፈክር አስጮኸን፣ እጃችንን አንስተን ጨረስንና ተጀመረ። ተናንቀው ተናንቀው መጨረሻው ላይ በአንድ ነጥብ ተመራን። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኳሱ ለታ እጅ ገባ። ሁለት ሰው ተጠመጠመበት። ሕዝቡ በሙሉ ራስህ ወርውር ይላል። ሸፊ አንተም ጮኸሃል ይለኛል፣ ውሸቱን ነው። ለታ ግን ማንም ያልጠበቀው ዓምሃ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ አየውና ሰጠው። ዓምሃ ወረወረ። ኳሷ የቅርጫቱን ከንፈር ዞራ ዞራ ወደ ውጭ ወደቀች። ተሸነፍን።

ከዚያማ ስድቡ ወረደ። አንዱ፣ አንተ የቁስቋም ረጅም፣ ሂድና ጭራሮህን ልቀም ይላል። አንዱ፣ ቁመት ለቆጥ ነው ይላል። አሰልጣኙም ተቆጥቶ ወደ ዓምሃ ሲመጣ ለታ መሀል ገባ። የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ነገም እሰጠዋለሁ፣ የሚቆጣ እኔን ይቆጣ አለ። ከዚያ ሁሉንም አሰልፎ አሸናፊዎቹን እጅ አስጨበጣቸው፣ ዓምሃን ከፊት አድርጎ። ሰዉ ሲበተን ዓምሃ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። ለታ አጠገቡ ተቀመጠ። አይዞህ እንኳ አላለውም። ብርቱካን ላጠና ግማሹን ሰጠው፣ ግማሹን ራሱ በላ።

ልጄ፣ ያሸነፈማ ሁሉም ጨዋ ነው። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሸማው ጥበብ ተበላሽቶብኝ ድሩን በጥሼ ልጥል ስነሳ ምንም ሳትል መጥታ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። ቁጣዬ እስኪበርድ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ትነሳለች። እንደዚያ መቀመጥ የሚችል ሰው ከእሷ ወዲህ አላየሁም ነበር።

ለታ ኋላ አየኝና መጥቶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ቁምጣው ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ ፎጣውን ጉልበቱ ላይ ጋረደ። እኔም ብርድ ይመታሃል፣ ልበስ አልኩት። ከዘራዬን ይዤ ወደ ቤት ዞርኩ። ሸፊ ግን እስከ ቤት ድረስ ለብቻው እየሳቀ ሄደ።

እንግዲህ ስለ ጠየቅሽኝ ነገር፣ እኔ እንደ ቂጣ የምገለበጥ ሰው አይደለሁም። ሸፊ እሑድ ቤት ነህ ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ በዚህ ጉልበቴ የት እሄዳለሁ አልኩት። ደጃፉ ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበርም አናጢ አምጥቼ አሠራሁት። ለስንት ሰው ይሁን ቢለኝ ሦስት ሽማግሌ ያለ ሐሳብ የሚቀመጥበት ይሁን አልኩት።

ለፋሲካ ስትመጪ ፈቃድሽን ረዘም አድርገሽ ጠይቂ። ለምን አትበይኝ።

የእናትሽ አምላክ በወጣሽበት ይጠብቅሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ፣ ያስተማርሽው ይግባው፣ ደጅሽ ሰው አይጣ።

ያው ግትሩ አባትሽ