በሰዓቱ ስለደረሱት የሕግ ተለማማጆች

ለተከበሩ ጓድ ፈንታሁን ብዙነህ
ቀድሞ በደሴ የጥብቅና ጽሕፈት ቤት ባለቤት፣ ዛሬ የፍርድ አጣሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

«ክቡር» ልበልዎ ወይስ «ጓድ» የሚለውን አውቄ ስላልጨረስኩ ሁለቱንም ጽፌ ከወገቤ ጎንበስ እላለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ቅዳሜ መካነ ሰላም ገበያ መሐል ከአጃቢዎችዎ ጋር ሲያልፉ ፊትዎ ሞላ ብሎ ስላየሁት፣ ምግቡም እንቅልፉም እንዳልጎደለብዎ ተረድቼ ደስ ብሎኛል። እኔ የአቶ አራጌ ልጅ፣ የቸኮል እኅት አስቻለች ነኝ። ይህን ደብዳቤ በየግድግዳው መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ማመልከቻ በእጅ ስናቀርብልዎ ሁልጊዜ ጊዜው አልሆን እያለ ስላስቸገርንዎ ነው።

አንደኛው ቅሬታዬ ስለ ወንድሜ ጥድፊያ ነው። በ1965 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ፣ በጽሕፈት ቤትዎ የሕግ ተለማማጅ ለመሆን ወደ እርስዎ መጣ። አባታችን ከመካነ ሰላም በላይ ባለው ደጋ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ስለከዳቸው ለባለመሬቱ የሚያካፍሉት እህል አጡ፤ የባለመሬቱም ሰዎች በሬዎቻቸውን ነድተው፣ አንድ ክንዳቸውን በቆመጥ ሰብረው ሄዱ። የወንድሜ ሐሳብ ችሎት ፊት ከአባቱ ጎን የሚቆም ሰው እንዳይጠፋ ነበር። በጭነት መኪና ሲመጣ ከአቀስታ ወዲያ በመንገዱ ዳር የተጋደመው ሕዝብ የተኛ መስሎት እንደነበር፣ ውሾቹን ሲያይ ግን እንዳልተኛ እንደገባው ነግሮኛል። እርስዎ በትሕትና ተቀብለው፣ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ መሆኑንና ማመልከቻ የሚታየው በጥቅምት ችሎት ሲከፈት መሆኑን አስረዱት። ገና ነው አሉት። ትዕግሥት ስላስተማሩት አመሰግናለሁ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ማርፈዱ ነው። በጥቅምት፣ ችሎት በተከፈተበት ሳምንት ሲመለስ፣ ቦታው በክረምቱ እንደተያዘ ነገሩት፤ ብልህ አመልካች ቀደም ብሎ ይመጣል ብለውም መከሩት። ቦታውን የያዘው የባለመሬቱ የእኅት ልጅ ነበር። ትጉህ ተለማማጅ እንደነበረ እመሰክራለሁ፤ በእጅዎ ሠልጥኖ የመጀመሪያ ሥራው አባቴን ከመሬቱ የሚያስነቅል ክስ መጻፍ ሆነ። እርስዎ ፈረሙበት። አባቴም አጠገባቸው የሚቆም ሰው ሳይኖር ተከራክረው ተረቱ።

ፍርዱን ሊያስፈጽሙ የመጡት ታጣቂዎች ውጡ ሲሏቸው፣ አባቴ በደህናው ክንዳቸው የበሩን መቃን አቀፉ። አንዱ በሰደፍ አናታቸውን መታቸው። ሲደግማቸው አጥንታቸው ሲሰበር ሰማሁ። እግራቸውን ይዤ ወደ ቤት ስጎትታቸው ነፍሳቸው ቀድማኝ ወጥታ ነበር። ቸኮል ሞፈሩን አንሥቶ የመቺውን ትከሻ ሰበረው። ሊገድለው ነበር የፈለገው፤ አለመግደሉም እስከ ዕለተ ሞቱ ቆጨው። እኔንም ይቆጨኛል። ለዚህም በእስር ቤት ጀርባው እስኪላጥ ተገረፈ።

ከዚህ በኋላ ቅሬታ መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

አብዮቱ ፈንድቶ እስረኛ ሲፈታ ቸኮልም ወጣ። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የአባታችን ማሳ ተመለሰልን። እሱ ግን በጠባሳው ላይ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ እንደገና ወደ ደሴ፣ ወደ እርስዎ ዘንድ ተነሣ። ወደዚያ ሰው ደጅ ለምን ትመለሳለህ ብዬ ተቆጣሁት።

«ሕጉ ያለው እነሱ ዘንድ ነው፤ ከእነሱ ካልወሰድኩት ከማን እወስደዋለሁ?» አለኝ።

እርስዎም አዲሱ ሕግ እስኪወጣ እንዲጠብቅ መከሩት። ጠበቀ። ከዚያ እርስዎ ራስዎ አዲሱ ሕግ ሆነው ወደ ከተማችን መጡ።

ዘንድሮ በሚያዝያ፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር ሆነው፣ የተማሩ ወጣቶች ሁሉ ሰኞ ጧት በስብሰባ አዳራሹ ቀርበው በሕግ ተለማማጅነት እንዲመዘገቡ በድምፅ ማጉያ አስነገሩ። ያረፈደ አይመዘገብም ተባለ። ቸኮል እዚያው ወሎ ውስጥ እስካለችው ማሻ፣ እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ አብረን እንመዝገብ ብሎ መልእክት ላከብኝ። እኔም በጭነት መኪና ተሳፍሬ ስመጣ በበልጉ ዝናብ ጭቃው ጎማውን ያዘው። ከተሳፋሪው ጋር እየገፋሁ፣ ዛሬም ልናረፍድ ነው ብዬ በንዴት አለቀስኩ።

አዳራሹ ውስጥ የሆነውን፣ ሥራ ስለሚበዛብዎ ረስተውት እንደሆነ፣ ላስታውስዎ። ሰዓቱ ሲደርስ በሮቹን አስዘጉ። ተለማማጅ ሊሆኑ የመጡትን ሁሉ አናርኪስት ናችሁ አሏቸው። እጃቸውን የፊጥኝ አሳስረው ከከተማው በታች ወዳለው ገደል አፋፍ አስነዷቸው። እዚያም ወንድሜን ከሰልፉ ለዩት፤ ፊቱን በጥሞና ተመልክተው አወቁት።

«ዛሬስ በሰዓቱ መጣህ» አሉት።

«ክሴን ያንብቡልኝ» አለ ቸኮል።

የሚነበብ ክስ አልነበረም። የመጀመሪያውን ጥይት እርስዎ ተኮሱ፤ አፉ ላይ።

እኔ ከተማው ስገባ ተኩሱ አብቅቶ ነበር። ገበያተኛው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ልብስ ሻጯ እትዬ ዘይነባ ክንዴን ይዛ ወደ ሱቋ አስገባችኝ፤ የሆነውን በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ልጮህ ስል በመዳፏ አፌን ያዘችኝ። የገዳዮቹ ጠባቂዎች ከደጅ ቆመው ማን እንደሚያለቅስ ይለቅሙ ነበር።

«አብሽሪ ልጄ» አለችኝ፤ «ዛሬ ወንድም የለሽም። ነገ ይኖርሻል።»

መዳፏን ነክሼ አደማሁት። እሷ ግን አለቀቀችኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ክቡር ጓድ፣ በልቤ እየገደልኩዎ እውላለሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ፊደል ስጽፍ እጄ አንገትዎን ያንቃል፤ ወንዝ ስሻገር ድንጋይ እመርጥልዎታለሁ። አንድ ጊዜም ስለት በነጠላዬ ሸሽጌ እስከ ቢሮዎ በር ደርሼ ነበር። የመለሰኝ ፍርሃት አይደለም። ወንድሜ ከመሞቱ በፊት የጠየቀው ክሱ እንዲነበብለት ነበር፤ እርስዎን ክስዎ ሳይነበብልዎ ብገድልዎ የእርስዎ ተለማማጅ መሆኔ ነው። ስለዚህ ክስዎን ጽፌ በከተማው ሁሉ ፊት አቅርቤዋለሁ። ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያንብብለት።

መልስ የሚሰጡበት ችሎት እስኪሰየም ድረስ ጥይት እንዳይነካዎ፣ ሕመም እንዳይቀድመን፣ ጉልበትዎም ቆመው እንዲሰሙ እንዲጸና ጧት ማታ የምጸልይልዎ፣ ከማንም በላይ ረጅም ዕድሜ የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ
አስቻለች አራጌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከአፋፉ ላይ ሳልኖር የተናገሩትን ቃል በቃል ማን እንደነገረኝ ሳያሳስብዎ አይቀርም። ታጣቂዎችዎ የወደቀው ሁሉ የሞተ መስሏቸው ተመለሱ። አንዱ ግን ከቸኮል ሥር ተኝቶ ይተነፍስ ነበር። ዛሬ ቁስሉ ድኖ ዓባይን ተሻግሯል። ፊትዎን በደንብ ያስታውሳል።