ከሮቶው ኋላ ያለው ቅጠል

ጉለሌ፣ ቁስቋም
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ስልኬን ለማታነሳው፣ እኔ ግን ለምሳሳልህ ልጄ ለጉልላት፤

እንዴት ከረምክ? የጁባ ሙቀት እንዴት ያደርግሃል? እኔ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ምላሴ እንደምታውቀው ጤነኛ ነው። ደብዳቤውን ያመጣልህ አሽረፍ የጎረቤታችን የሉብና ባል ነው። ለንግድ ወደዚያ እንደሚሄድ ስሰማ ያዝኩት፤ እጅህ ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ።

መጽሐፌ ወጣ! አዎ፣ ያ «የአረም መጽሐፍ ማን ያነብልሻል» ያልከኝ። «የደጃችን ቅጠሎች» አልኩት። እጽዋት ማዕከል ችግኝ ሳፈላ ያወቅኩት ሁሉ ውስጡ አለ። አሳታሚዎቹ ዛሬ ነገ እያሉ ሲያመላልሱኝ በራሴ አሳተምኩት። አሁን ካርቶኑ ሳሎኑን ሞልቶት እንግዳ ሲመጣ መጽሐፌ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ሉብና ዊንጌት ስልክ ትሸጥ የለ፣ «እትዬ የሺ፣ ዘንድሮ መጽሐፍ የሚሸጠው ኢንተርኔት ላይ ነው» ብላ ገጽ ከፈተችልኝ። ጉድ ነው ልጄ! ጠዋት የአንድ ቅጠል ፎቶ እለጥፋለሁ፤ ከሰዓት የማላውቃቸው ሰዎች ተሰብስበው አገኛቸዋለሁ። አንዱ ከመቀሌ፣ አንዷ ከሞያሌ። ቀይ ልብ ተጭነውልኝ ይሄዳሉ። ለምን እንደሚጫኑት፣ ምን ሲሠሩ ቆይተው እንደመጡ፣ ደጃቸው ምን እንደበቀለ ማወቅ አማረኝ። አንዱን ብጠይቀው ፎቅ ላይ ስለምኖር ደጅ የለኝም አለኝ። አንጀቴን በላው።

ከነዚህ መካከል ፎቶ የሌለው፣ ራሱን «መንገደኛ» ያለ ሰው አለ። ልቡን ከሁሉም ቀድሞ ይጫናል፤ ቃል ግን አይተነፍስም። በቀደም የጓሯችንን ዳማከሴ ከቅርብ ፎቶ አንስቼ «የዚህ ቅጠል ስሙ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ገሚሱ አወቀ፣ ገሚሱ ቀባጠረ። መንገደኛ ግን ስሙን አልነገረኝም። «ከሮቶው ኋላ ያለው» ብሎ ጻፈ፤ በቃ።

ጉልላት፣ ፎቶው ላይ ሮቶአችን፣ የውኃ ታንከሩ፣ የለም። ቅጠል ብቻ ነው። ልጅ ሆነህ ምች ሲመታህ እየጨመቅኩ የቀባሁህ ከዚያው ቁጥቋጦ ነበር።

ወዲያው ልጽፍለት ስል ደግሞ አፈርኩ። ያ ሁሉ ሰው ደጄ ድረስ መጥቶ እሱን ብቻ ለይቼ ባናግር ምን ይሉኛል? ስለዚህ ከላይ ጀምሬ ሁሉንም በተራ ሰላም አልኩ፤ «እንደምን ከረሙ? ቤተሰብ ሰላም? ልጆች ደህና? እግዚአብሔር ይመስገን።» መንገደኛ ጋ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ገጹ ተዘጋብኝ። ሉብና አይታ በሳቅ ሞተች። «እትዬ፣ አንድ ዓይነት ሰላምታ ሲደጋግሙ የኢንተርኔቱ ሰዎች ማሽን መስለዋቸው ዘጉብዎት እኮ!» አለችኝ። እኔ ማሽን! የሰው ቤተሰብ የሚጠይቅ ማሽን የት አይተዋል? አብሬያት ሳቅኩ፤ ስትሄድ አለቀስኩ።

አዲስ ገጽ ከፍታልኛለች። ስሙ የመጽሐፉ ስም ሆኖ መጨረሻው ላይ «የሺ» ተጨምሮበታል። የቀድሞዎቹ ግን የት እንደገባሁ አያውቁም፤ መንገደኛም አያውቅም። ለዚህ ነው በወረቀት የምጽፍልህ። ትምህርትህን አቋርጠህ በመሄድህ ያኔ ተቆጣሁ፤ አሁንም ተቆጥቻለሁ። ግን ናፍቀኸኛል፤ ምን ላድርግ?

አንድ መጽሐፍ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ዳማከሴውንም አዲሱ ገጽ ላይ መልሼ ለጥፌዋለሁ፤ በየጊዜው እየከፈትኩ አየዋለሁ። ቃል አልጠይቅህም፤ ልቧን ብቻ ንካት። ሰላምታም አላበዛብህም።

የቁስቋሟ እመቤት ከክፉ ትሰውርህ፤ የረገጥከው መሬት ይለምልምልህ።

እናትህ የሺ

መንገደኛው አንተ ካልሆንክ ግን፣ እባክህ አትንገረኝ።